የጠፈር ጣቢያው መቼ ያልፋል? ምሕዋርን በካልኩሌተር አስልቶ በዓይን ማረጋገጥ

የምሕዋር ስሌት ቀመር በማንበብ ብቻ አይገባም። ወረቀት ላይ ሁሉም ትክክል ይመስላል፤ የተሳሳተ ቁጥር የሚጋለጠው ሰማይ ላይ ነው። ስለዚህ ጀማሪ ከማርስ ጉዞ በፊት በዓይኑ የሚያየውን አንድ ሳተላይት ቢያሰላ ይሻለዋል። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ለዚህ ይመቻል፦ ሲደምቅ ከቬነስ ጋር ይፎካከራል፣ መነጽር አይጠይቅም፣ የምሕዋሩ መረጃም በነፃ ይገኛል። ስሌትዎ በሁለት ደቂቃ ከሳተ ደጅ ቆመው ያውቁታል።

የሚያስፈልግዎ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር (ስልክ ወደ ጎን ሲዞር የሚመጣው ይበቃል)፣ ደብተር፣ በኢንተርኔት የተስተካከለ ሰዓትና ኮምፓስ ነው። ደብተሩ ሽፋን ላይ ሦስት ቁጥሮች ይጻፉ፦ 398,600፣ 6,378 እና 86,164። የመጀመሪያው የምድር የስበት ቋሚ ነው፤ መለኪያው ኪሎ ሜትር ኪዩብ በሰከንድ ካሬ። ሁለተኛው በምድር ወገብ ላይ ያለው የምድር ራዲየስ ነው፣ በኪሎ ሜትር። ሦስተኛው ምድር በከዋክብት አንጻር አንድ ዙር የምትጨርስበት ሰከንድ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ቦታ 86,400 ያስገባል፤ ያ ከፀሐይ እስከ ፀሐይ የሚቆጠረው ቀን ስለሆነ በ236 ሰከንድ ይረዝማል።

ፍጥነትና የዙር ጊዜ

ጣቢያው የማይወድቀው ስበት የሌለበት ቦታ ስለደረሰ አይደለም። በ417 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስበት መሬት ላይ ካለው 88 በመቶ ያህል ነው። ጣቢያው ሁልጊዜ እየወደቀ ነው፤ ነገር ግን ወደ ጎን እጅግ ስለሚፈጥን በወደቀ ቁጥር የምድር ገጽ ከሥሩ እየጎበጠ ይሸሸዋል። በክብ ምሕዋር ላይ ይህን የሚያስጠብቀው ፍጥነት የሚከተለው ነው፦

ፍጥነት = √(398,600 ÷ ራዲየስ)
የዙር ጊዜ = 2 × 3.1416 × ራዲየስ ÷ ፍጥነት

ለ417 ኪሎ ሜትር ከፍታ ራዲየሱ 6,378 + 417 = 6,795 ነው። ፍጥነቱ 7.66 ኪሎ ሜትር በሰከንድ፣ የዙሩ ጊዜ 5,574 ሰከንድ ወይም 92.9 ደቂቃ ይወጣል። የፍጥነቱ መልስ 30.9 ከሆነ በራዲየስ ፋንታ ከፍታውን ብቻ አስገብተዋል። ከዚህ ከፍታ ምድርን ጥሎ ለመሄድ 11 ኪሎ ሜትር በሰከንድ እንኳ ስለማያስፈልግ፣ 30.9 ያገኘ ሰው ወዲያው መጠርጠር አለበት።

ሁለቱን መስመሮች ማንበብ

የሳተላይቶች ምሕዋር የሚሰራጨው ቲኤልኢ በሚባል ሁለት መስመር ባለው ጽሑፍ ነው። ሴለስትራክ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ያለ ምዝገባ ይገኛል። የጣቢያው መለያ ቁጥር 25544 ነው። በመስከረም 2008 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ሁለተኛ መስመር እነሆ፦

2 25544  51.6416 247.4627 0006703 130.5360 325.0288 15.72125391563537

ከግራ ወደ ቀኝ እናንብበው። 51.6416 ዝንባሌው ነው፤ ምሕዋሩ ከምድር ወገብ ጋር የሚሠራው አንግል። 247.4627 ጣቢያው ከደቡብ ወደ ሰሜን የምድርን ወገብ የሚሻገርበት ነጥብ ያለበትን አቅጣጫ ይነግራል፤ የሚለካው ግን በከዋክብት አንጻር ስለሆነ ከኬንትሮስ ጋር አይምታታብዎ። 0006703 የሞላላነቱ መጠን ነው፤ ነጥቡ ሳይጻፍ የታለፈ ስለሆነ 0.0006703 ብለው ያንብቡት። 130.5360 ለምድር በጣም የሚቀርብበት ነጥብ (ፔሪጂ) ከመሻገሪያው ምን ያህል ዲግሪ እንደሚርቅ፣ 325.0288 ደግሞ ጣቢያው መረጃው በሚመለከታት ቅጽበት ከፔሪጂ አንጻር በዙሩ ውስጥ የት እንደነበረ ያሳያል።

የመጨረሻው ቁጥር ሰው የሚሰናከልበት ነው፤ ሦስት ቁጥሮች ያለ ክፍተት ተጣብቀዋል። 15.72125391 በቀን ስንት ዙር እንደሚዞር ይናገራል። 56353 ከተመጠቀ ጀምሮ የተቆጠረው ዙር ነው። መጨረሻ ላይ ያለው 7 ማረጋገጫ ነው፦ ከዚህ 7 በፊት በመስመሩ ላይ ያሉትን አሃዞች ሁሉ ከመጀመሪያው 2 ጀምረው ይደምሩ፣ የመቀነስ ምልክት ካለ እንደ 1 ይቁጠሩት፣ ፊደልና ነጥብ ዜሮ ናቸው። ድምሩ እዚህ 197 ነው፤ የመጨረሻ አሃዙ 7 ስለሆነ መስመሩ ጤነኛ ነው። ከስልክ ወደ ስልክ ሲገለበጥ ደግሞ ድርብ ክፍተት ወደ አንድ ይጠበባል። ፕሮግራሞች የሚያነቡት በዓምድ ቁጥር ነውና ያኔ ሁሉም ነገር ይናጋል።

ከቀን ዙሩ ከፍታውን እናውጣ። 86,400 ÷ 15.72125 = 5,495.7 ሰከንድ። ይህን ለ6.2832 ያካፍሉ፣ በራሱ ያባዙ፣ በ398,600 ያባዙ፣ ከዚያ ኪዩብ ሩቱን ይውሰዱ። 6,731 ይመጣል፤ 6,378 ሲቀነስለት 353 ኪሎ ሜትር። በዛሬው ቲኤልኢ ቢሞክሩት 15.5 አካባቢ የሆነ የቀን ዙርና 417 አካባቢ የሆነ ከፍታ ያገኛሉ። ልዩነቱ የስሌት ስህተት አይደለም፤ ጣቢያው ከዚያ ወዲህ ወደ ላይ ተገፍቷል።

ሰዓቱና ቀኑ

የመጀመሪያው መስመር ላይ ቅጽበቱ 08264.51782528 ተብሎ ተጽፏል። 08 ዓመቱ 2008 እ.ኤ.አ.፣ 264 የዓመቱ 264ኛ ቀን ነው። 2008 የካቲቱ 29 ቀን የሆነበት የፈረንጅ ዓመት ስለነበር ቀኑ ሴፕቴምበር 20 ይሆናል። ክፍልፋዩን በ24 ሲያባዙ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይመጣል፤ ይህ ዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት (ዩቲሲ) ነው።

ለእኛ ወጥመዱ ያለው እዚህ ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዩቲሲ በ3 ይቀድማል፤ አቆጣጠራችን ደግሞ ከፈረንጆቹ በ6 ይለያል። በአንድ እርምጃ፦ ከዩቲሲ ላይ 3 ይቀንሱ፣ የእኛን ሰዓት ያገኛሉ። 12፡25 ከቀኑ 9፡25 ይሆናል፤ ቀኑም መስከረም 10 ቀን 2001 ዓ.ም.። 3 መደመርና 3 መቀነስ የተምታታበት ሰው ስህተቱ ልክ 6 ሰዓት ነው። 6 ሰዓት ሙሉ ከሳቱ ቀመሩን አይንኩ፣ ሰዓቱን ይመርምሩ። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያለ አንባቢ የሚጠቀመው ያለበትን አገር ልዩነት ነው፤ የቀን መቁጠሪያው ስሌት ግን እስከ መጨረሻው በፈረንጅ ይሁን፣ ወደ ዓመተ ምሕረት የሚቀየረው ሲያልቅ ነው።

ማለፊያውን መገመት

ጣቢያው አንድ ዙር ሲጨርስ ምድር ከሥሩ ወደ ምሥራቅ 23.3 ዲግሪ ዞራለች (5,574 ÷ 86,164 × 360)። ከታች እንደምናየው የምሕዋሩ ገጽም በየዙሩ 0.3 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ያፈገፍጋል። ስለዚህ የሚቀጥለው የወገብ መሻገሪያ 23.6 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ይርቃል፤ በመሬት 2,600 ኪሎ ሜትር ያህል።

አዲስ አበባ በ9.03 ዲግሪ ሰሜንና በ38.75 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ናት። ወደ ሰሜን የሚጓዘው ጣቢያ ወገብን ከተሻገረ በኋላ የእኛ ኬክሮስ ላይ ለመድረስ 3 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ እስከዚያ 6.5 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። 38.75 ሲቀነስ 6.5፣ 32.25 ነው። ይህ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ኢንቴቤ አጠገብ ነው። ስለዚህ ደንቡ ለመያዝ ቀላል ነው፦ ጣቢያው ወደ ሰሜን ሲጓዝ ኢንቴቤ አጠገብ ወገብን ከተሻገረ ከ3 ደቂቃ በኋላ አዲስ አበባ አናት ላይ ነው፤ ከደቡብ ምዕራብ መጥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳል። ወደ ደቡብ ሲወርድ ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣና አዲስ አበባን ካለፈ ከ3 ደቂቃ በኋላ በ45.2 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ወገብን ይሻገራል።

ሁልጊዜ አናት ላይ አይመጣም። መስመሩ በ5 ዲግሪ (556 ኪሎ ሜትር) ከሳተዎ ጣቢያው ከአድማስ 33 ዲግሪ ብቻ ይነሳል፣ በ10 ዲግሪ ከሳተዎ 15 ዲግሪ፣ ከ20 ዲግሪ በላይ ከራቀ ጨርሶ አይወጣም። እጅዎን ዘርግተው የጨበጡት ቡጢ ስፋት 10 ዲግሪ ያህል ስለሆነ 33 ዲግሪ ከሦስት ቡጢ ትንሽ ይበልጣል። አናት ላይ የሚያልፈው ከአድማስ አድማስ 10 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ሕንፃና ዛፍ ባለበት ሰፈር ግን ከ6 ደቂቃ በላይ አይጠብቁ።

በዓይን እንዲታይ እርስዎ ጨለማ ውስጥ፣ ጣቢያው ፀሐይ ውስጥ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚሆነው ፀሐይ ከጠለቀች ከ25 ደቂቃ በኋላ እስከ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ድረስ፣ ጠዋትም ከመውጣቷ በፊት በተመሳሳይ ልክ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ በትክክል አስልተው ምንም ካላዩ ስሌቱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ጣቢያው በምድር ጥላ ውስጥ ነው። መሀል ሰማይ ላይ ድንገት ቢጠፋም ምክንያቱ ይኸው ነው።

ቦታው ልክ ሆኖ ሰዓቱ በሰከንዶች ወይም በጥቂት ደቂቃ ከሳተ ቲኤልኢው አርጅቷል። አየሩ በዚያ ከፍታም ጣቢያውን ይጎትተዋል፤ ሞተር ተነስቶ ከፍ ካደረገው ደግሞ የቆየው መረጃ ዋጋ የለውም። ከሦስት አራት ቀን በላይ የቆየ ቲኤልኢ አይጠቀሙ። በወረቀት የሠሩትን ስካይፊልድ በተባለው የፓይተን ፕሮግራም ያመሳክሩ፤ የቲኤልኢ ቁጥሮች የተሰናዱት ኤስጂፒ4 ለተባለው ስሌት ስለሆነ የመጨረሻውን ትክክለኛነት የሚሰጠው እሱ ነው።

የምድር ወገብ ውፍረት

ምድር ወገቧ ላይ ወፈር ትላለች፤ ያ ትርፍ ክብደት የምሕዋሩን ገጽ ቀስ እያለ ያዞረዋል። በቀን የሚዞረው ዲግሪ፦

−1.5 × 0.0010826 × (6,378 ÷ ራዲየስ)² × የቀን ዙር × 360 × ኮሳይን(ዝንባሌ)

ለጣቢያው −4.95 ይወጣል፤ የመቀነስ ምልክቱ ወደ ምዕራብ ማለት ነው። ፀሐይ በቀን አንድ ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ስለምትሄድ ልዩነቱ ወደ 6 ዲግሪ ይጠጋል፤ ማለፊያዎቹ በአማካይ በየቀኑ 24 ደቂቃ እየቀደሙ የሚመጡት ከዚህ የተነሳ ነው።

ዝንባሌው ከ90 ዲግሪ ሲያልፍ ኮሳይኑ አሉታዊ ይሆንና ዙሩ ወደ ምሥራቅ ይገለበጣል። ልክ 0.9856 ዲግሪ በቀን እንዲሆን ከተመረጠ ምሕዋሩ ከፀሐይ ጋር እኩል ይሄዳል፤ ሳተላይቱም አንድን ቦታ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት የፀሐይ ሰዓት ያያል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2019 ከቻይና ታይዩዋን የተመጠቀችው የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 የተሰጣት ምሕዋር ይህ ነው። ለ628 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ ለ14.8 የቀን ዙር ቀመሩን ገልብጠው ዝንባሌውን ያውጡ፤ 97.9 ካላገኙ የመቀነስ ምልክት ጠፍቶብዎታል። የእርሻ ምስል የሚያነሳ ሳተላይት ለዚህ የሚሳሳው ጥላው ካልተለወጠ የዛሬውን ማሳ ከአምናው ጋር ማወዳደር ስለሚቀል ነው።

ለመድረስ ፍሬን መያዝ

እ.ኤ.አ. ጁን 1965 የአሜሪካ መንኮራኩር የጄሚኒ 4 አዛዥ ጄምስ ማክዲቪት ከተለየው የሮኬት ክፍል ጋር ሊገናኝ ሞከረ። አፍንጫውን ወደ ዒላማው አዙሮ ሞተር አስነሳ፤ ዒላማው ግን ራቀ። ነዳጁ እያለቀ ሲሄድ ሙከራው ተተወ።

ምክንያቱ ከላይ ባለው ቀመር ውስጥ አለ። ወደ ፊት ሲገፉ ምሕዋርዎ ከፍ ይላል፣ ራዲየሱ ሲበልጥ ደግሞ የዙሩ ጊዜ ይረዝማል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ከፊትዎ ያለውን ለመያዝ ፍጥነት ይቀንሱ፣ ዝቅ ይበሉ፣ በአጭሩ መንገድ ይቅደሙ፣ ከዚያ ተመልሰው ከፍ ይበሉ። ለትንሽ ልዩነት የሚሠራው ደንብ፦ በ1 ኪሎ ሜትር ዝቅ ያለ በአንድ ዙር 9.4 ኪሎ ሜትር ይቀድማል። 47 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ከቀሩ 1 ኪሎ ሜትር ወርደው አምስት ዙር ይጠብቁ። ለመውረድ የሚከፈለው ከ0.6 ሜትር በሰከንድ ያነሰ ነው፣ ለመመለስም ያንኑ ያህል። ትዕግሥት ነዳጅ ይቆጥባል፣ ችኮላ ይፈጃል።

ሩቅ ሲሆን የሆማን መሸጋገሪያ ይመጣል፤ በሁለት ግፊት ከአንድ ክብ ምሕዋር ወደ ሌላው በሞላላ መንገድ መሻገር ማለት ነው። ከ300 ኪሎ ሜትር ከፍታ (ራዲየስ 6,678) የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ወዳሉበት (ራዲየስ 42,164) እንሂድ። የሁለቱ አማካይ 24,421 ነው። በሞላላ መንገድ ላይ ያለ ፍጥነት፦

√(398,600 × (2 ÷ ራዲየስ − 1 ÷ 24,421))

ታች 10.15፣ ላይ 1.61 ይሰጣል። የክቦቹ ፍጥነት 7.73 እና 3.07 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ግፊት 2.43፣ ሁለተኛው 1.47፣ ድምሩ 3.9 ኪሎ ሜትር በሰከንድ፤ ጉዞው 5 ሰዓት ከ16 ደቂቃ። ሁለተኛውን ግፊት የዘነጋ ሰው ሳተላይቱ እዚያ ይቀራል ብሎ ያስባል፤ ተመልሶ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይወርዳል እንጂ አይቀርም።

ምሕዋሩን ማዘንበል ከሁሉ ይልቅ ነዳጅ ይፈጃል። ለምሳሌ የ28.5 ዲግሪ ዝንባሌን ታች በ7.73 ፍጥነት ላይ ለማስተካከል 3.8 ይጠይቃል፤ እስከ ላይ ለመውጣት ከሚያስፈልገው ጋር እኩል ሊሆን ምንም አይቀረው። ላይ ከሁለተኛው ግፊት ጋር አጣምረው ካደረጉት ግን ግፊቱ ከ1.47 ወደ 1.83 ብቻ ያድጋል። ምሕዋርን ማዞር ርካሽ የሚሆነው ፍጥነቱ ቀስ ባለበት ቦታ ነው።

በዚህ ሞላላ ላይ ከፔሪጂ 1 ሰዓት በኋላ መንኮራኩሩ የት ነው? ሙሉ ዙሩ 37,980 ሰከንድ ስለሆነ 3,600 ÷ 37,980 × 6.2832 = 0.596 ራዲያን። ሞላላነቱ 0.7265 ነው። ካልኩሌተሩን ወደ ራዲያን ይቀይሩና (ዲግሪ ላይ ረስተውት የሚሄዱ ስንቶች ናቸው!) ይህን ይደጋግሙ፦ አዲሱ = 0.596 + 0.7265 × ሳይን(አሮጌው)። ከ0.596 ሲነሱ 1.003፣ 1.208፣ 1.275፣ 1.290፣ 1.294 እያለ ይረጋጋል። ርቀቱ 24,421 × (1 − 0.7265 × ኮሳይን 1.2945)፣ ማለትም 19,600 ኪሎ ሜትር ያህል። በዙሩ ጊዜ አንድ አሥረኛ እንኳ ባልሞላ ሰዓት ከፔሪጂ 124 ዲግሪ ዞሯል፤ የቀረውን 56 ዲግሪ እስከ አፖጂ (ከምድር በጣም የሚርቅበት ነጥብ) ለመጨረስ ከአራት ሰዓት በላይ ይጎተታል።

ከድምፅ ወደ ምሕዋር

እስካሁን ከምሕዋር ተነስተን ቦታ አገኘን። ጠፈር ላይ መንገድ መፈለግ ግን ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ ሲያስተላልፍ ሁለት አሜሪካውያን የፊዚክስ ሰዎች፣ ጋየርና ዋይፈንባክ፣ የሬዲዮው ድግግሞሽ ሲቀርብ ከፍ፣ ሲርቅ ዝቅ ማለቱን ብቻ መዝግበው ምሕዋሩን አወጡ። ዛሬም በካሊፎርኒያ፣ በማድሪድና በካንቤራ ያሉት የናሳ ግዙፍ አንቴናዎች ሩቅ ያሉ መንኮራኩሮችን ሲከታተሉ ከሚለኩት ዋነኛው ይኸው ለውጥ ነው። ልኬቱ ጥሩ ሆኖ መለኪያ አሃዱ ከተምታታ ግን አይተርፍም፦ በ1999 የማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የጠፋው አንዱ ሶፍትዌር የግፊቱን መጠን በፓውንድ ሲያወጣ ሌላው በኒውተን ስላነበበው፣ በ4.45 እጥፍ ስለተሳሳተ ነው። ከማርስ 226 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ያልፋል የተባለው 57 ኪሎ ሜትር ላይ ወደ አየሩ ገባ።

ይህን ራስዎ መሞከር ይችላሉ። ጣቢያው በ145.800 ወይም በ145.825 ሜጋ ኸርዝ ሲያሰራጭ ከኮምፒውተር ጋር በሚሰካ ኤስዲአር (በሶፍትዌር የሚሠራ ሬዲዮ) መቀበያ ይቅዱት (መቀበያ ከማስገባትዎ በፊት ያሉበትን አገር ደንብ ይጠይቁ)። ከአድማስ ሲወጣ ድግግሞሹ 3.4 ኪሎ ኸርዝ ያህል ከፍ ብሎ ይሰማል፣ ሲጠልቅ ያንኑ ያህል ዝቅ ብሎ። በየ10 ሰከንዱ ቁጥሩን ይመዝግቡና በደብተር ላይ ይሳሉት፤ የተኛ ኤስ የመሰለ መስመር ይወጣል። መስመሩ ከሁሉ ይበልጥ ቁልቁል የሚወርድበት ሰከንድ ጣቢያው ለእርስዎ በጣም የቀረበበት ነው፤ ከላይ ካሰሉት ሰዓት ጋር ያስተያዩት። እዚያ ላይ በሰከንድ ስንት ኸርዝ እንደሚቀንስ ይለኩና 25,000ን ለዚያ ቁጥር ያካፍሉ፤ በኪሎ ሜትር ርቀቱን በግምት ያገኛሉ። ከአዲስ አበባ ሆነው 59 ከለኩ ጣቢያው አናትዎ ላይ ነበር፤ 25 ከሆነ በ1,000 ኪሎ ሜትር ርቀት አልፏል። ቁጥሮቹ ተቀራርበው ሰዓቱ ብቻ ከተለያየ፣ የመቀበያው ኮምፒውተር ሰዓት መስተካከሉን መጀመሪያ ይዩ።